የጭራው ማሳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው፤ ሰው የማያምን ገበሬ።

ቁጭ በይ፣ ወለተ ሰንበት። ቆመሽ ከሰማሽኝ መሃል ላይ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ። «አባ፣ ሰው በክርስትናው እስከ መጨረሻው የሚጸናው እንዴት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥያቄሽን አላመንኩትም። የንስሐ አባትሽ ሆኜ ይህን ያህል ጊዜ ስኖር እንዲህ ታጥቦ የተቀሸረ ጥያቄ አምጥተሽልኝ አታውቂም። ከኋላው ሌላ ነገር አለ ብዬ ስጠብቅሽ፣ ወጣልሽ። ጸሎቱ ደረቀብኝ አልሽ። ከአንቺ በኋላ ማኅበር የገቡት ሲያለቅሱ ታያለሽ፤ ከአንቺ ዓይን ግን እንባ ጠብ አይልም። እነሱ ያስመስሉ ይሆን፣ ወይስ እኔ ለእነሱ የምነግረውን ከአንቺ ደብቄ ይሆን፣ እሱን ማወቅ ፈለግሽ። «ለእኔ የሰጡኝን ስግደት ለእነሱም ሰጥተዋቸዋል?» አልሽኝ። በትሕትና ነው ያልሽው፤ ግን አልሽው። ጨርሰሽም የንስሐ አባት መቀየር ኃጢአት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ፣ ግን ያልፍልኛል። በይ ስሚኝ።

ገበሬው የሚኖርበት አገር በበጋ ወንዝ ጠልፈው በመስኖ የሚያርሱበት አገር ነው። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ ይወርዳል። ቦዩ የስንቱን ማሳ አልፎ፣ አንድ ኮረብታ በግርጌው ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ገደል አፍ ይደርሳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ማሳ የዚህ ሰውዬ ነው። የአገሩ ሰው ጭራ ይለዋል። ከጭራ በታች ማሳ የለም፤ ውሃ ከእሱ ካለፈ የሚገባው ገደል ነው።

ውሃው ዳኛ አለው፤ የውሃ አባት ይሉታል። ሽማግሌዎች የሚመርጡት ሰው ነው። ተራ ያወጣል፣ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ ይናገራል፣ ሰው ሲጣላ ያስታርቃል። ሕጉ አጭር ነው። ተራህ ሲሆን ከማሳህ አፍ ላይ ዶማህን ይዘህ ትቆማለህ። ውሃው ሲመጣ ቦዩን በአፈርና በሳር ትገድበውና ወደ ማሳህ ትመልሰዋለህ። አንተ ካልተገኘህ ዘመድህ ቢቆምልህም ይሆናል። ማንም ካልቆመ ግን ውሃው የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ያልፋል። የዚያ ሰው ተራ እስኪያልቅ ይፈስና ከላይ ይዘጋል፤ በቃ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ እሱም የሚያውቀው። በደረቅ ቦይ ላይ ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጠጣው ቦዩ ራሱ ነው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃውን ይመጠዋል፣ ይመጠዋል፣ እስኪጠግብ ወደፊት አያሳልፍም። ስለዚህ ጭራ ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ ብዙ ይቆማል። ሰውየው ከዚያ በፊት በነበሩት ተራዎች ሁሉ ቆሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ተሳድቦ፣ ውሃውን ግን አግኝቷል። አንድም ጊዜ ቀርቶበት አያውቅም። ይህን አትርሺብኝ፤ እሱ ረስቶታልና።

በዚያ ዓመት ማሳው ላይ ገብስ ነው ያለው። ሊያሸት ደርሷል፤ አንዲት ውሃ ብቻ ቀርታዋለች። እሷን ካገኘ ፍሬ ይቋጥራል፤ ካጣ ዛላው ባዶውን ይቆማል። ጎተራው ተጠርጎ አልቋል። ልጆቹ ክረምቱን የሚበሉት ያንን ገብስ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ስለዚህ አትፍረጂበት፤ ፈርቶ ነው። ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ነው።

ተራው የደረሰ ዕለት በጠዋት ሄዶ ቆመ። ውሃ አልመጣም። ቆመ፤ አልመጣም። ቆሞ ማሰብ ጀመረ፤ ጉዱም የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ የሸተተው በሳል ነው። የውሃ አባት ትናንት ተራውን ሲነግረው፣ «ነገ ያንተ ነው» ብሎ ሳለ። ለምን ሳለ? ለሌሎቹ ሲናገር አልሳለም። ለእኔ ሲናገር ጉሮሮውን ምን ያዘው? ሽማግሌው ሁልጊዜ እንደሚስል አገር ያውቃል፤ ሰውየው ግን ሌላውን ሳል ሁሉ ትቶ ያችን አንዷን ሳል ይዞ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ የሚስቱ ወንድም መጣ። የእሱ ማሳ ከጭራው ቀጥሎ በላይ በኩል ነው፤ ድንበርተኞች ናቸው። ሰላም ብሎት ወደ ማሳው አለፈ። ሰውየው እግሩን አየ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በዚህ በጋ፣ መሬቱ እንደ ሸክላ በደረቀበት፣ ጭቃው ከየት መጣ? ውሃ ያለበት ቦታ ካልገባ በቀር ሰው አይጨቀይም። ውሃው ደግሞ የእኔ ነው፤ ዛሬ የሌላ ሰው ውሃ የለም። እንዲህ ብሎ አሰበ። ሊጠይቀው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ብጠይቀው ይዋሸኛል ብሎ ነው። አየሽ፣ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ የማወራልሽ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ከዚያ አንዲት ጎረቤት ልብስ አጥባ ስትመለስ አለፈች። የቀሚሷ ጫፍ ረጥቧል። «እንዴት ዋልክልኝ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ገብሱስ እንዴት አምሯል!» አለችው። ሰላምታውን ከወትሮው ይልቅ ዛሬ አሳመረችው ብሎ አሰበ። ሰው ንብረትህን ሲበላብህ ነው እንዲህ የሚያቆላምጥህ። ከእሷ ኋላ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይቶት ዝም ብሎ አለፈ። ይሄ ደግሞ ዓይኔን ማየት አፈረ አለ። ሰው አንዴ እዚህ ውስጥ ከገባ ማምለጫ የለውም። ሰላም ያሉት ሌቦች ናቸው፤ ዝም ያሉትም ሌቦች ናቸው።

ረፋዱ ላይ ሚስቱ በሶ በጥብጣ ይዛለት መጣች። ፊቱን አየችና ነገሩ ገባት።

«ድሮስ መቼ ቶሎ ደርሶ ያውቃል?» አለችው። «ይመጣል። ደክሞህ ከሆነ አንተ ጥላ ሥር አረፍ በል፣ እኔ ልቁምልህ።»

ይህን ስትል ምን ያሰበ ይመስልሻል? ለምንድን ነው ከዚህ ልታነሳኝ የፈለገችው ብሎ አሰበ። የማን እህት ናት? የዚያ የጭቃማው። ውሃው ሲመጣ ወደ ወንድሟ ማሳ ልታዞረው ነው። የልጆቹን እናት ነው እንዲህ የሚላት፣ የገዛ ልጆቿን እህል ልታሰርቅ ነው ብሎ። በሶውን ተቀብሎ ሳይጠጣው መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አላት። ሄደች፤ ግን አልራቀችም፣ ከወንድሟ ማሳ ዳር ሄዳ ተቀመጠች። እሱ ደግሞ ይኸው ሊመካከሩ ነው አለ።

በመጨረሻ ቆረጠ። ወደ ላይ እወጣለሁ፣ እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ አለ። ማንንም ስለማያምን ግን ማሳውን ለማን ይተወው? የሚስቱን ወንድም ጠራውና በድንበሩ ላይ አቆመው።

«በማርያም ይዤሃለሁ» አለው። «ገዝቼሃለሁ። እኔ እስክመለስ ከዚህ ማሳ አፍ ድርሽ እንዳትል፣ ዶማህ እንዳይነካው። አንቺም ጭምር» አላት ሚስቱን።

«ውሃው ቢመጣስ?» አለ ወንድሟ።

«እሱ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ገዝቼሃለሁ ብዬሃለሁ።»

እንግዲህ እኔ ካህን ነኝ፣ ልንገርሽ፤ ግዝት የካህን ሥልጣን ነው እንጂ ማንም በተናደደ ቁጥር ከአፉ የሚያወጣው ነገር አይደለም። ግን አገሩን ታውቂዋለሽ። የእመቤታችን ስም ከተጠራ ሰው ይፈራል። ያ ሰውም ፈራ፤ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከድንበሩ ወዲያ ቆመ።

አሁን ሰውየው በቦዩ ዳር ዳር ቢሄድ ኖሮ መልካም ነበር። ከውሃው ጋር መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር፤ አይቶት ይመለስ ነበር። እሱ ግን በቦዩ ዳር ከሄድኩ ያዩኛል፣ ያዩኝና ይደፍኑታል አለ። ስለዚህ በኮረብታው ላይ አቋረጠ። በክትክታው መሃል ተጎንብሶ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ፣ እሾህ እየቧጨረው ወጣ። ሌባ ሊይዝ የሄደ ሰው፣ ላየው ሰው ሌባ የሚመስለው እሱ ነበር። እሱ ላይ ላዩን ሲያደባ፣ ቦዩ ጠጥቶ ጠግቦ ኖሮ፣ ውሃው ከታች ኮረብታውን ዞሮ ወደ ማሳው ወረደ።

ላይኞቹ ማሳዎች ጋ ደረሰ። ቦዩ ሞልቶ ይሄዳል። የየማሳው አፍ ተደፍኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ያፍራል። እሱ ግን ስመጣ አይተውኝ ደፈኑት አለ። ተንበርክኮ አንዱን ድፍን በእጁ ዳሰሰው፤ ረጥቧል። ይኸው አለ፣ አሁን የተደፈነ ነው። ወለተ ሰንበት፣ ሙሉ ቦይ የተገደበበት አፈር እንዴት ብሎ ይደርቃል? ድፍኑን ተሻግሮ ማሳውን አየ፤ አቧራ ነው፣ ጠብታ አላገኘውም። ይህን አይቶም እንኳ አላመነም። ሌላ ቦታ ቀድደው ይሆናል አለና ከማሳ ማሳ ሲፈልግ ቆየ። ጊዜው ይሄዳል።

የውሃ አባት ወንዙ አጠገብ ወይራ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል። ሰውየው መጥቶ ከራስጌው ቆሞ ጮኸበት። ተኝተህ ታስዘርፈኛለህ አለው፤ ጉቦ በልተሃል አለው፤ በየማሳው ያሉት ሰዎች ሁሉ እየተሰበሰቡ ሰሙ። ሽማግሌው ስድቡን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ። ተነሳ። ቦዩን አየ። ሰውየውን አየ።

«ውሃህ ከወረደ ቆየ» አለው። «አንተ እዚህ ከሆንክ፣ እዚያ ማን ቆሟል?»

ያኔ ሰውየው ዞሮ ሮጠ። አሁን በቦዩ ዳር ነው የሚሮጠው፤ ከማን ይደበቃል? ውሃው አጠገቡ ይሄዳል፣ ሙሉ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ማንም አልነካውም። አንድም ቀዳዳ የለም። ግማሽ መንገድ ላይ ብቻ አንድ ቦታ ቦዩ አዲስ በተለሰነ ጭቃ ተጠግኗል። አይቶት አለፈ።

ማሳው ሲደርስ ውሃው በማሳው አፍ በኩል እያለፈ ገደል ይገባል። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከገደሉ ሥር ያለው ቁጥቋጦ፣ ማንም ያልዘራው፣ ማንም የማይበላው፣ ጠጥቶ ይብለጨለጫል። ገብሱ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። የሚስቱ ወንድም ከድንበሩ ወዲያ፣ እንደተወው ቦታ ላይ፣ ዶማውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሚስቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ግባ ብላ ስትለምነው ቆይታለች፤ እሷም ራሷ አንድ እግሯን አንስታ መልሳለች።

ሰውየው ዘሎ ገብቶ መገደብ ጀመረ። አንድ ጥግ እንደጠጣ ውሃው እየቀጠነ መጣ። ከላይ ተራው አልቆ ተዘጋ። ከዚያ ቦዩ ውስጥ የቀረው ጭቃ ብቻ ነው።

«ሁለት እርምጃ ነበር እኮ» አለ የሚስቱ ወንድም። «ገዘትከኝ እንጂ። ሌሊቱን ፍልፈል ቦዩን በስቶት ነበር፤ ውሃህ እንዳይባክን ብዬ በማለዳ ሄጄ ስደፍንልህ ነው የጨቀየሁት።»

ሚስቱ ግን እንደ ወንድሟ አላለሰለሰችለትም። «ወንድሜን ሌባ አድርገህ ልጆቼን አስራብካቸው» አለችው፤ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀጣዩ ተራው ሲደርስ ገብሱ አልፎበታል። ያችን ጥግ አጭዶ ከዘር የማይተርፍ ነገር አገኘ፤ ሌላው ገለባ ሆነ። ልጆቹ ግን አልሞቱም። ክረምቱን የበሉት ከሚስቱ ወንድም ጎተራ ነው። ሰውየው ሌባ ብሎ በልቡ ሲሰድበው የዋለውን ሰው እህል በልቶ ከረመ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላነሳበትም። እንዴት እንደሚመር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ፣ ወለተ ሰንበት፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም።

ጸሎቴ ደርቋል ያልሽው ውሸት አይደለም፤ ደርቋል። ግን ደረቅ ቦይ ነሽ። በውስጥሽ ስንት የተሰነጠቀ መሬት እንዳለ አንቺም አታውቂው፣ እኔም አላውቀው። ያ ሁሉ ጠጥቶ እስኪጠግብ ዓይንሽ ጋ ምንም ላይደርስ ይችላል። ምንም አልመጣም የምትይው አንቺ የምትጠብቂው ቦታ ስላልደረሰ ነው፤ ከላይ ግን ተለቋል። የሚያለቅሱት ልጆችስ ያስመስላሉ ወይ ብለሽኛል። አላስመሰሉም ብዬ አልምልልሽም፤ አንዷ ታስመስል ይሆናል። ብታስመስል ያንቺን ውሃ አትወስድብሽም። የእሷ ተራ የእሷ ነው።

እኔ ደግሞ የውሃ አባት ነኝ። እስላለሁ። ማኅሌት ላይ ሳንቀላፋ አይተሽኝ ታውቂያለሽ፤ ሳቅሽም ሲያመልጥሽ ሰምቻለሁ። ለሌሎቹ የሰጠሁትን ስግደት ብትጠይቂኝ አልነግርሽም፤ ያንቺን ለእነሱ እንደማልነግር ሁሉ። ተጠራጠሪኝ፤ መጠራጠርሽ አይገድለኝም። ውሃውን ግን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ልደብቀውም አልችልም። የንስሐ አባት መቀየር ከፈለግሽ ወግ አለው፤ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም መርቄ ለሌላ አባት አስረክብሻለሁ፤ ቂም አልይዝብሽም። ወይም እይዝ ይሆናል፣ እሱን ለራሴ የንስሐ አባት እናገራለሁ። ተደብቀሽ በኮረብታ አትሂጂ ብቻ። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን እዚያ፣ ከዚያ ጸበል እዚህ፣ ማን ምን አገኘ እያልሽ ስትዞሪ ያንቺ ነገር በሌለሽበት ያልፋል።

እንዴት ነው የሚጸናው አልሽኝ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይንገርሽ። እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ ነገ ጠዋት ያችኑ ደረቅ ጸሎትሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። ከነገ ወዲያም። እያጉረመረምሽም ቢሆን፣ እየተሳደብሽም ቢሆን። እግዚአብሔር የቆመ ሰው ማጉረምረም ሰምቶ ያውቃል።

አሁን ከመነሳትሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትዋሺ ንገሪኝ። ያ ሰውዬ ኮረብታውን ስላቋረጠ ብቻ አይደለም ገብሱ የጠፋው፤ ቆሞ ሊያድንለት የሚችለውን ሰው ገዝቶ ስለሄደ ነው። አንቺስ ማንን ገዝተሻል?

ዝም አትበይ። ማንን?

እህቴን አልሽ። ምን ብለሽ? በጸሎትሽ ስሜን እንዳታነሺ ብለሽ። ለምን? ቤተሰብ ፊት ልታሳጣኝ ነው የምትጸልይልኝ ብለሽ። እሺ። ማርያምንም ጠርተሻል? ጠርተሻል።

አታልቅሺ፤ ወይም አልቅሺ፣ ስትጠብቂው የነበረ ነገር ነው። ስግደቱን ለዛሬ ትቼልሻለሁ። ያቺ እህትሽ ከገዘትሻት ቀን ጀምሮ ለጸሎት እጇን ስትዘረጋ ስምሽ አፏ ላይ ደርሶ እየተመለሰ፣ እየፈራች፣ ቆማ ይሆናል። አሁኑኑ ሂጂና ፍቻት።